ከፓሌርሞ እስከ ካታንያ ከጋሽ አበራ ጋር

ጋሽ አበራ ማረፋቸውን የነገረችኝ የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ባተርሲ መጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶብሴን አቁሜ፣ ሰው አራግፌ፣ የአሥር ደቂቃ እረፍቴን ልጀምር ስል ስልኬ ጮኸ። ፎርሙ ላይ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ ያስሞሉት የእኔን ስም ነበር። ዘመዳቸው አይደለሁም፤ የሥራ ባልደረባቸው ነኝ። ለንደን ውስጥ ሌላ የሚያስሞሉት ስም አልነበራቸውም። ነርሷ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየመረጠች ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ሰዓቱ ስለደረሰ በሩን ከፍቼ ሰው ጫንኩና እስከ ስቶክዌል ነዳሁ። አላለቀስኩም። መሪ ይዞ የኖረ ሰው የሚያውቀው ድካም አለ፤ ኀዘን እንኳ ወረፋውን ይጠብቃል።

ያወቅኋቸው ሾፌርነት በጀመርኩ ሰሞን ነው። ጋራዣችን አዲስ ሾፌር ሲቀጥር መንገዱን እስኪለምድ ከነባር ሾፌር ጋር ያሰልፈዋል፤ እኔን ከጋሽ አበራ ጋር መደቡኝ። አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ ክራባት አይለያቸውም፤ መነጽራቸውን የሚወለውሉትም በክራባታቸው ጫፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን ብዙ አላስተማሩኝም። «ሰው ሁሉ አውቶብስ አመለጠኝ ይላል» አሉኝ። «ውሸት ነው። አብዛኛው ሰው ራሱ ነው ከአውቶብሱ የሚያመልጠው። እየሮጠ የሚመጣ ካየሽ ግን በር አትዝጊበት።»

አንድ ጠዋት አንዲት ፖርቱጋላዊት አሮጊት ባለ ጎማ ዘንቢሏን እየጎተተች ከመንገዱ ማዶ እጇን አውለበለበች። የእግረኛው መብራት ቀይ ነው። ጋሽ አበራ በሩን እንደከፈቱ ጠበቁ። ከኋላ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ለምን ዘገየህ ይላቸዋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። እሳቸው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። አሮጊቷ ተሻግራ፣ ተሳፍራ፣ ትንፋሿን ሰብስባ እስክትቀመጥ አልተንቀሳቀሱም። የወረደችው በሚቀጥለው ፌርማታ ነበር። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን የሚያስቅ ነገር አልታያቸውም። በዚህ ጠባያቸው ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደተጻፈባቸው የሰማሁት ኋላ ነው።

ስልካቸው አያርፍም ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ አበሻ፣ በተለይ አዲስ የመጣው፣ መንገድ ሲጠፋው የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ከሃክኒ ክሮይደን ለኢንተርቪው የምትሄድ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ፈልጎ ባቡር ካንሴል የተደረገበት ሰው፣ ሁሉም «ጋሽ አበራን ጠይቅ» ይባላል። እሳቸውም ምሳቸውን አስቀምጠው ያስረዳሉ፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ደረጃ አለው፣ የትኛው እሁድ አይሠራም። በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እዚያ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» አለ ካሏቸው ቀድመሽ ውጪ፣ በጣም ቀድመሽ ውጪ ይላሉ።

ስቶክዌል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች የካውንስል ኪራይ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አላገቡም። እህት እንዳላቸው ያወቅሁት ከተዋወቅን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ካንቲን ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ ነው። ሻያቸውን ሳይቀምሱ ኩባያውን ሲያሽከረክሩ ቆዩና ታላቅ እህታቸው ዘነበች ጣሊያን አገር፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ ካታንያ በሚባል ከተማ እንደምትኖር፣ ልቧን ታማ ሆስፒታል እንደገባች፣ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ኦፕሬሽን እንደምትደረግና ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ እንዳልሰጧት ነገሩኝ። ከተለያዩ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ለገናና ለፋሲካ ይደዋወላሉ፤ በአካል ግን ከዚያ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ አልደርስም።»

ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ነው ብዬ ተረዳሁት። የቀረችኝን የዓመት ፈቃድ ወሰድኩና ሰኞ ጠዋት አብረን በረርን።

ካታንያ ልንደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን አብራሪው በድምፅ ማጉያው ተናገረ። ከከተማው በላይ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ አመድ መትፋት ጀምሯል፤ የካታንያ አየር ማረፊያ ተዘግቷል፤ የምናርፈው በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ፣ ፓሌርሞ ላይ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ተነጫነጨ። ዞር ብዬ ሳያቸው ጋሽ አበራ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸው አመድ መስሏል። መውረድ የፈሩ መስሎኝ አይዞዎት አልኳቸው።

ፓሌርሞ ስንወርድ እኩለ ቀን ነበር። ወደ ካታንያ የሚወስድ አውቶብስ ይመጣላችኋል ተባልን፤ መቼ ቢባል የሚያውቅ የለም። አንድ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። የሆስፒታሉ የጥየቃ ሰዓት የሚያበቃው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እህትየው ወንድሟን ሳታይ በማግስቱ ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍል ትገባለች። ስለዚህ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ጥለን ወደ ከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ሄድን።

ለንደን ቢሆን ይህን ሁሉ የሚያሰሉት እሳቸው ነበሩ። እዚያ ግን አፋቸው ተለጎመ። ሻንጣ አስይዣቸው፣ በእንግሊዝኛና በእጄ እያወራሁ፣ ከመስኮት መስኮት የዞርኩት እኔ ነኝ። ባቡር አለ፤ ግን የሚነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንደርስ ጥየቃው አብቅቷል። ታክሲ ጠየቅሁ፤ አንዱ ሾፌር ዛሬማ አመድ ውስጥ አልገባም ብሎ ፊቱን አዞረ። መኪና ልከራይ ብዬ ገባሁ፤ ከአውሮፕላኑ የወረደው ሁሉ ቀድሞን ወስዶ ጨርሷል። ከጣቢያው ጎን አገር አቋራጭ አውቶብስ የሚነሳበት ቦታ አገኘሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሳ አለ፤ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ሁለት መቀመጫ ብቻ ቀርቶ ነበር። ትኬቱን ቆርጬ ስመለስ ሻንጣዎቹ ብቻቸውን ቆመዋል።

መጸዳጃ ቤት ሄደው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ቀረን፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀረን። ሻንጣዎቹን እየጎተትኩ ጣቢያውን ዞርኩት። ያገኘኋቸው ውጭ፣ ከአደባባዩ ወዲያ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«ጋሽ አበራ፣ አውቶብሱ ሊነሳ ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «ሰላም በያት። አየር ማረፊያው ተዘጋ በያት።»

ተናደድኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ ፈቃዴን ያቃጠልኩት ለእሳቸው ነው። እህትዎ ነገ ብትሞትስ አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፤ አይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ ቃሉን እንደሚሰጥ ተከሳሽ።

ከአገር በሱዳን አድርጋ ያወጣቻቸው ዘነበች ናት። እሷ ፓሌርሞ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሠራተኛ ነበረች። እሳቸው ገበያ ውስጥ የአትክልት ሣጥን ሲያወርዱ ስድስት ወር አብረው ቆዩ። ከዚያ ቤተሰቡ ካታንያ ሲዛወር እሷንም ወሰዳት። እዚያ ሥራ አገኘችላቸውና ደብዳቤ ጻፈች፦ ሐሙስ ከሰዓት የእረፍቴ ጊዜ ነው፣ በአውቶብስ ና፣ ስትወርድ ቆሜ ታገኘኛለህ። ያን ሐሙስ ጠዋት አብሯቸው የሚያድር ጓደኛ፣ ወደ ጄኖቫ የሚሄድ መርከብ ላይ ለሁለታችን ቦታ አገኘሁ፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር የሚያሻግረን ሰው አለ፣ ዛሬ ካልሆነ የለም አላቸው። ሻንጣቸውን ይዘው የወጡት ወደ አውቶብሱ ነበር። እዚህ አደባባይ ላይ ደርሰው ታጠፉ። ለእሷ ማሳወቂያ መንገድ አልነበራቸውም፤ ለንደን ገብተው ለመጻፍም ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። መልሷ አጭር ነበር፤ ደህና በመሆንህ ደስ ብሎኛል ይላል። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እሳቸውም አላነሱ።

«እያሰብኳት ነው የኖርኩት» አሉኝ። «ቆማ። እያንዳንዱ አውቶብስ ሲመጣ ቀና ስትል።»

ምን እንዳልኳቸው በደንብ አላስታውስም። ክንዳቸውን ይዤ ያስነሳኋቸው ይመስለኛል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ነበር፤ ሁለት ሻንጣ የምትጎትት ሴትና የሚያነክስ ሽማግሌ ሲመጡ አይቶ በሩን መልሶ ከፈተልን።

መንገዱ መጀመሪያ ባሕሩን ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፎ በረጃጅም ድልድዮች ላይ ይወጣል። መጋቢት ስለነበር ኮረብታው ሁሉ በቡቃያ አረንጓዴ ነው። አንዳንድ ቦታ ተራራ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ከተማ ይታያል። ጋሽ አበራ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው አንድም ነገር ሳያልፋቸው አዩት። አንዴ ብቻ፣ «ይሄን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አሉ። እኔ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ካታንያ ደርሰናል። አመዱ መንገዱ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ይመስላል፤ ባለ ሱቆቹ ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ አበራ ከአውቶብሱ ወርደው ሰው የሚጠብቅበትን ቦታ ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

እትዬ ዘነበች ትራስ ደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሽበታቸውን ጎንጉነው፣ ከወንድማቸው ጋር አንድ ዓይነት አገጭ ያላቸው ሴት ናቸው። አማርኛቸው ከአገር የወጡ ቀን የቆመ ነው፤ መሐል ላይ ጣሊያንኛ ይገባበታል። ወንድማቸውን ሲያዩ «አበሩ» ብቻ አሉ። ተቃቀፉ። እኔ ወደ በሩ ሸሸት አልኩ፤ ውጪ ግን የሚቀመጡበት ቦታ ስላልነበረ ሁሉንም ሰማሁ።

ጋሽ አበራ ስለ እህታቸው ሕመም እንኳ አልጠየቁም። ጉልበታቸው እንደማይታጠፍላቸው አውቃለሁ፤ የአልጋውን ብረት ይዘው ወርደው የእህታቸውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዙ።

«ያን ሐሙስ አልመጣሁም» አሉ። «መንገድ ላይ ምንም አልደረሰብኝም። መርከብ ተሳፍሬ ሄድኩ።»

እትዬ ዘነበች ከትራሱ ቀና አሉ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። «ጭራሽ አልመጣህም? ካታንያ አልደረስክም?»

«ከፓሌርሞ አልተነሳሁም።»

የአንሶላውን ጫፍ ይዘው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መሰለኝ፤ ምናልባትም አልቅሰዋል። አንሶላውን ሲገልጡ አይናቸው ጋሽ አበራ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ አረፈ፤ ቶሎ ዘወር አደረጉት።

«እስኪመሽ ጠበቅሁህ» አሏቸው። «ይቅር ብዬሃለሁ። በል ተነስ፣ ጉልበትህን ያምሃል።»

ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነ። እኛም ለንደን ተመለስን፤ እኔ በማግስቱ የጠዋት ሺፍት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አበራ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ለእህታቸው ይደውሉ ነበር፤ አንድም እሁድ አልዘለሉም። ጋራዥ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ሁሉ እህት አለችኝ ማለት ጀመሩ። ይቅርታ ያገኘ ሰው ቀለል ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላላቸውም። ካንቲን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ድንገት፣ «እስኪመሽ ነው ያለችው፤ ሰምተሻል አይደል?» ይሉኛል። ያን ሰሞን ካታንያ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ፣ አውቶብስ መጠበቂያው ጣራ ይኖረው እንደሆነ ያሰላስላሉ። እንዲያውም ከበፊቱ ባሰባቸው። በፊት የሚያስቧት ቆማ ነው፤ አሁን እስከ ስንት ሰዓት እንደቆመችም አወቁ።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ሳንባቸውን ታመሙ። ከሺፍት ስወጣ ሾርባ ይዤላቸው ወደ ሦስተኛ ፎቅ እወጣ ነበር። አንዳንዴ ሁለታችንም ደክሞን ሳናወራ ቴሌቪዥን እናያለን። ዳግመኛ ካታንያ ልሂድ እንዳሉ አልሆነላቸውም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እትዬ ዘነበች ጋ ማለዳ ሄዶ የሚያንኳኳ ሰው አላውቅም፤ እኔም ፈቃዴ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ደወልኩላቸው። ተቀምጠው እንደሆነ ስጠይቃቸው ገባቸው።

«መቼ?» አሉ። ነገርኳቸው። ተሰቃየ እንዴ ሲሉ፣ አይ፣ በእንቅልፋቸው ነው አልኳቸው። ትንፋሻቸው በስልኩ ይሰማኛል። ይዘጋሉ ስል ተናገሩ።

«ያን ሐሙስ እኔም አልወጣሁም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ። ያን ቀን የቤቱ ሕፃን ትኩሳት ይዞት እመቤቲቱ የትም አትሄጂም አለቻቸው። መስኮት ላይ ቆመው ሰዓቱን እያዩ ዋሉ። በማግስቱ ለአፍታ አምልጠው አውቶብስ መቆሚያው ሄዱ፤ ማንም የለም። ወንድማቸው በማያውቀው ከተማ ወርዶ፣ ጠብቆ፣ አጥቷቸው፣ ተቀይሞ እንደሄደ አመኑ። ደብዳቤው ከእንግሊዝ ሲመጣ ስለዚያ ቀን ያልጻፈው ቂም ይዞ ነው ብለው አሰቡ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህን ይዘው ኖሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩአቸውም?» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ ለኀዘንተኛ እንዲህ አይባልም።

«እግሬ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ሳየው፣ እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ደስ አለኝ» አሉ። «እስከዚያ ድረስ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ። ትንሽ ይክፈልልኝ አልኩ። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ አስተኝተው ወሰዱኝ። ከዚያ በየእሁዱ መደወል ጀመረ። የሚደውለው በዚያ ቀን የተነሳ ነው፤ አውቄዋለሁ። ብነግረው መደወሉን የሚተው መሰለኝ።»

ጋሽ አበራ ካንቲን ውስጥ ስለ ጣራና ስለ ዝናብ ያሰላስሉ እንደነበር አልነገርኳቸውም። አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ አሁን ማወቃቸው ለማንም አይጠቅምም።

ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ለመኑኝ። ስትቀብሩት ይህን ለእሱ ንገሪልኝ አሉ።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። በስልክ መንገድ ጠይቀዋቸው በአካል የማያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ነበር፤ አንዲት ሴት ከሃክኒ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ካህኑ ፍትሐት እያደረጉ፣ ሰው እያለቀሰ፣ መሐል ላይ ቆሜ እንደዚያ ያለ ነገር መናገር አልቻልኩም። ከሌላው ጋር አፈር መልሼ ሄድኩ።

ወደ መቃብሩ የተመለስኩት በሳምንቱ፣ የከሰዓት ሺፍት በነበረኝ ቀን፣ ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነበር። አፈሩ ገና አልረጋም፤ አበባው ጠውልጓል። ማንም አለመኖሩን አይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሽ አበራ፣ እትዬ ዘነበችም ያን ቀን አልወጡም» አልኩ። «ማንም አልቆመም ነበር።»

ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።